ችካሉ ሳይተከል

ጅማ ላይ ለነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በአማርኛ ነው የማወራው። ጥያቄውን ግን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጠይቁኝ፤ እንግባባለን።

የእድሮቹ ሰብሳቢዎች የጠሩኝ «የማንፈልገው ፋብሪካ ደጃችን ሲመጣ ምን እናድርግ?» በሚለው ላይ እንድናገር ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ መልሴን ላስቀድም። ችካል ካያችሁ ዘግይታችኋል። ጨርሶ አልመሸባችሁም፤ ግን ዘግይታችኋል።

አብዛኛው ሰው ነገሩን የሚሰማው እንዴት ነው? አንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ልጆች ሜትርና ጂፒኤስ ይዘው ይመጣሉ። ጫፉ ቀይ የተቀባ እንጨት ይመቱና ይሄዳሉ። «ምን ሊሠራ ነው?» ስትሏቸው «እኛ ተልከን ነው» ይላሉ። ከዚያ ወሬ ይጀመራል። አንዱ የቆዳ ፋብሪካ ነው ይላል። ሌላው ሳሙና ነው ይላል። «ኧረ ሆስፒታል ነው አሉ» የሚልም አይጠፋም። በወሬው መሃል አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ዶዘር ሲገባ ያን ጊዜ ሁሉም ይጮኻል።

እነዚያ ልጆች እንጨቱን ከመምታታቸው በፊት ግን ብዙ ነገር አልፏል። ባለሀብቱ የፕሮጀክት ሐሳቡን አስገብቷል። መሬት ጠይቋል። አንድ አማካሪ ድርጅት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ጽፏል፤ ወይም መጻፍ ነበረበት። ያንን ጽሑፍ አንድ መሥሪያ ቤት አይቶ «ይሁን» ብሏል። ለእኛ የወሬው መጀመሪያ የመሰለን ነገር ለፋይሉ መጨረሻው ነው። ዛሬ ስለ ጊዜ ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው። ያለ ሰዓቱ የመጣ ጩኸት፣ የቱንም ያህል ቢጎላ፣ የሚያስገኘው ይቅርታና ማጽናኛ ነው።

ወደ ወረቀቱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ውሃ። ሥራዬ ውሃ መመርመር ስለሆነ ሌላ ነገር ቀድሞ አይታየኝም።

«ደጃችን» ስንል እስከ የት ነው? አጥር የሚዋሰነን ሰው ጎረቤት መሆኑ ግልጽ ነው። ጅማ ላይ ግን ጎረቤትነትን የሚወስነው ቁልቁለቱ ነው። አዌቱ ከተማችንን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ይወርዳል። ላይ ሰፈር የተደፋ ነገር አዌቱ ውስጥ ይገባል። አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ከዚያ ግልገል ጊቤ ነው። እዚያ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አለ። ከግድቡ ወጥቶ ጊቤ፣ ከጊቤ ኦሞ፣ ከኦሞ ቱርካና ሐይቅ። እዚህ የምንለቀው ፍሳሽ ማረፊያው ኬንያ ነው።

ቦዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ድሮ ሰው ጉማሬና ወፍ ሊያይ የሚሄድበት ነበር። አሁን ዳር ዳሩን ለጡብ የሚሆን ጭቃ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ያም ሆኖ ከከተማው የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ የሚያስቀርልን እሱ ነው። ከቦዬ በታች ከብቱን የሚያጠጣ ገበሬ ያልተጠራበት ስብሰባ ጎረቤት ሳይጠራ የተደረገ ስብሰባ ነው። ይህን ለባለሥልጣን ብቻ አይደለም የምለው። እናንተም ኮሚቴ ስታቋቁሙ ታች ያሉትን ትረሳላችሁ።

አሁን ሰው የማይወደውን ነገር ልናገር። ስለ ፋብሪካ ስናወራ የሚታየን ከሩቅ የመጣ ባለሀብት ነው። ጅማ ግን ፋብሪካን ያወቀችው በቡና ነው። ማና፣ ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ ኮሳ፣ ሰቃ ጨቆርሳ ውስጥ ስንት የእሸት ቡና ማጠቢያ እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማጠቢያ ላይ ሠርቶ የበላ፣ እሸት የሸጠ፣ የማኅበር ድርሻ ያለው ሞልቷል።

ማጠቢያ ምን ይሠራል? ቀዩን ቡና ይፈለፍላል። ከቀዩ ቡና ክብደት 40 በመቶ ገደማው ልጣጭ ነው። ከልጣጩ ሥር ፍሬውን የሸፈነ የሚያሙለጨልጭ ስኳራም ነገር አለ። እሱን ለማስለቀቅ ቡናው ገንዳ ውስጥ እንዲብላላ ይደረግና በውሃ ይታጠባል። የታጠበበት ውሃ ደግሞ ወንዝ ይፈልጋል። ሰው «ኬሚካል የለውም፣ ቡና ነው» ይላል። እውነት ነው፣ አብዛኛው ስኳር ነው። ጉዳቱም የሚመጣው ከስኳሩ ነው። ስኳሩን የሚበሉት ረቂቅ ነፍሳት ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው የሚተነፍሰው ያጣል። ውሃው ይኮመጥጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል።

ወቅቱን ደግሞ ተመልከቱ። ማጠቢያው የሚሠራው ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ነው፤ በዋናነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ልክ ክረምቱ አልፎ ወንዙ መቀነስ ሲጀምር። ፍሳሹ ይበዛል፣ የሚያቀጥነው ውሃ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከዚሁ ከጅማ የወጣ ጥናት በማጠቢያ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስለሚሰማቸው ሕመም ጠይቆ ነበር። የዓይንና የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የመተንፈስ ችግር ብለው መልሰዋል። ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ይህን ለመስማት ጥናት አያስፈልገውም። ፍርድ ቤት ግን ያስፈልገዋል፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቡናን መክሰሴ አይደለም። ጅማን ያቆማት ቡና ነው። ያነሳሁት መፍትሔው ቅርብ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ቬቲቨር ሳርን ታውቁታላችሁ። ወደ አገራችን ያስገባው እዚሁ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ በ1960ዎቹ፣ የቡና ማሳ አፈር እንዳይታጠብ። በኋላ ደግሞ ማጠቢያዎች ፍሳሻቸውን ቬቲቨር በተተከለበት መሬት ላይ እንዲያሳልፉ ተደረገ። ፍሳሹ ወንዝ ሳይደርስ ሳሩና አፈሩ ያስቀሩታል። ትንሽ ውሃ የሚበቃው መፈልፈያ ማሽንም አለ። ስለዚህ አንድ ባለ ማጠቢያ፣ የሩቅም ይሁን የሰፈር ሰው፣ «ሌላ መንገድ የለኝም» ሲላችሁ አትመኑት።

እሺ፣ ወረቀቱ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችሁ ነው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካችሁ የአካባቢ ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳባችሁን መስጠት መብታችሁ ነው ይላል። ጥሩ ነው። ግን ሕገ መንግሥት ጠቅሶ መዝገብ ቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦለት ይመለሳል። ጉልበት ያላቸው በ1995 ዓ.ም. የወጡ ሁለት አዋጆች ናቸው። ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው። ቁጥር 300 የብክለት ቁጥጥር ነው። ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

299 ምን ይላል? ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሥራ መጀመር አይችልም። የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ይህ ፈቃድ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። የሕዝቡ፣ በተለይም ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ፣ አስተያየት መካተት አለበት። እንግዲህ ሰነዱ ሚስጥር አይደለም። «ቴክኒካል ስለሆነ አይገባችሁም» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ «ግድ የለም፣ አሳየን» በሉት። የሚገባው ሰው በየሰፈሩ አለ። ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ያስተማርነው ለምን ሆነና?

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሰነዱን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ማለት ነው። ያ ሦስት ሳምንት የእናንተ ነው፤ መቼ እንደሚጀምር ግን በር አንኳኩቶ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ የማታውቁት ፕሮጀክት እስኪመጣ አትጠብቁ። ከእድሩ አንድ ሰው መድቡ። በየወሩ ከተማ አስተዳደሩና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ጋ እየሄደ «በእኛ በኩል አዲስ የገባ ፋይል አለ?» ብሎ ይጠይቅ። አሰልቺ ሥራ ነው። ሰላማዊ ሰልፍ ከመውጣት ግን ይቀላል።

ውሳኔው ካልጣማችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቅሬታ ታስገባላችሁ። እሱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። አዋጅ 300 ላይ ደግሞ አንቀጽ 11ን እዩ። አካባቢ የሚበክልን ወይም ሊበክል የሚችልን ማንኛውም ሰው መክሰስ ይቻላል። «አንተን ምን ነካህ?» ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት ትላላችሁ። በ30 ቀን መልስ ካልሰጠ፣ ወይም መልሱ ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ስድሳው ቀን ካመለጠ ተከራካሪው ጠበቃ ስለ ወንዙ አንድ ቃል ሳይናገር ያሸንፋችኋል።

ማንን እንደምትከሱም አስቡበት። በአቃቂ ወንዝ ብክለት ላይ አንድ የባለሙያዎች ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ክስ መሥርቶ ነበር። የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ትቶ ተቆጣጣሪውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር። ክሱ አልተሳካም።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። ብዙ ሰፈር የሚሸነፈው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀበሌ ትጠራላችሁ። መግቢያው ላይ ወረቀት ይዞራል። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። አንዳንዴ ውሃና ለስላሳ አለ፤ አንዳንዴ አበልም አለ። ባለሀብቱ ወይም ወኪሉ ስለ ሥራ ዕድል ይናገራል። ሁለት አባቶች ይመርቃሉ። አንድ ወጣት ተነሥቶ ጥሩ ጥያቄ ይጠይቃል። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናየዋለን» ይባላል። ያ የስም ዝርዝር ከሰነዱ ጀርባ ይያያዛል። ፊት ለፊት ደግሞ «ከማኅበረሰቡ ጋር ምክክር ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ውሸት አይደለም፤ ተደርጓል። የወጣቱ ጥያቄ ግን የት ገባ? ቃለ ጉባኤው ላይ ካልሰፈረ አልተጠየቀም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ከስም ዝርዝሩ በላይ ያለውን ርዕስ አንብቡ። ርዕስ ከሌለው ወይም ግራ ካጋባችሁ ፊርማችሁ አጠገብ «ተገኝቻለሁ፣ ስምምነቴ አይደለም» ብላችሁ ጻፉ። ስብሰባው ሳይበተን ቃለ ጉባኤው ይነበብ በሉ። ፎቶ አንሡት። የራሳችሁንም ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ የእድር ጸሐፊ ለዚህ የሚሆን ሰው ነው፣ የቀረን ሰው ስም ለመመዝገብ ብቻ አይደለም። ሌላም አለ። ስብሰባው ላይ ያሉት አብዛኞቹ አባቶች ናቸው። ውሃውን የሚቀዱት፣ ልብሱን የሚያጥቡት፣ የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚሸት የሚያውቁት እናቶች ቤት ናቸው። አባቶቼ አትቆጡኝ፤ አንዳንዶቻችን ወንዙን ካየነው ቆየን።

«ፀረ ልማት» መባልም አለ። ይህ ቃል ብዙ ሰው ዝም አሰኝቷል። መልሱ አንቀጽ 43 ነው። የልማት መብት የሚለው አንቀጽ ራሱ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ጥያቄ የሚጠይቅ ነዋሪ የልማቱ አካል ነው። ይህን በትህትና፣ በጽሑፍ፣ የአንቀጹን ቁጥር ጨምራችሁ ተናገሩ።

ግን እርስ በርሳችን እውነቱን እናውራ። የሥራ ዕድል የሚለው ባዶ ቃል አይደለም። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ልጁን ያስመረቀ ወላጅ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ መብቱ ነው። ፋብሪካ ሲመጣ ሰፈር አንድ አፍ አይሆንም። ካርታ ያለው ሰው ካሳ ያስባል። ሰርቪስ ቤት ያለው ተከራይ ሠራተኛ ያስባል። የሰው መሬት በእኩል የሚያርሰው ግን ካሳም ኪራይም የለው፤ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ፋብሪካው ሳይመጣ በፊት ቡና እየጠጡ ካልተነጋገሩ፣ በኋላ አንዳቸው በሌላቸው ላይ ሊመሰክሩ ይችላሉ። ፋብሪካን መቃወም ማለት ሁሌ «አይምጣ» ማለት አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ፍሳሹን አጣርቶ አብዛኛውን መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ ነው የተሠራው። ሐይቅ አጠገብ ስለሆነ። እዚያ ከተቻለ እዚህ «ማጣሪያው ውድ ነው» የሚል ሰው ለምን እንደተወደደ በቁጥር ያስረዳን።

«ይሂድልን» ብቻ ማለት ምን እንደሚያመጣ በሰንዳፋ አይተናል። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን የምታስቀምጥበት ዘመናዊ ማስወገጃ ሰንዳፋ አጠገብ አሠራች። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ሽታውንና ውሃው ላይ የደረሰውን እያነሡ ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ቆመ። አሸነፉ። እውነት ነበራቸው። ቆሻሻው ግን አልጠፋም። ዓመታት ወደ ቆየበት ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የተናደበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ቆሻሻው ተመልሶ መከመሩ ግን በወቅቱ በተደጋጋሚ ተነሥቷል።

ሰንዳፋዎችን መውቀስ አይቻልም። ማንም ልጁ የሚጠጣውን ውሃ ያስቀድማል። ወቀሳው ቦታውን ለመረጠውና ገበሬው ሲጮኽ ቆሻሻውን ከመመለስ ሌላ ሁለተኛ ዕቅድ ላልነበረው ነው። እኛ ግን ከዚህ የምንወስደው ጥያቄ አለ። ፋብሪካው ከዚህ ሲነሣ የት ይሄዳል? ከእኛ የደከመ፣ ስብሰባ የማይጠራ፣ ከታች ያለ ሰፈር ከሆነ፣ ውሃው ዞሮ ያው አዌቱ ነው።

ለዛሬ ልታደርጉት የምትችሉትን ነገር ልንገራችሁና ለጥያቄ ልተው። ፋብሪካ ሳይመጣ በፊት ውሃችሁን አስመርምሩ። ወንዙንም፣ የጉድጓዱንም። ሊሠራ ከታሰበው ቦታ በላይ አንድ ናሙና፣ በታች አንድ ናሙና። በክረምት አንድ ጊዜ፣ በበጋ አንድ ጊዜ። ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ። ቢያንስ ኦክስጅኑን፣ ኮምጣጣነቱንና ረቂቅ ነፍሳት የሚበሉት ቆሻሻ መጠኑን አስለኩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ማኅበረሰብ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር የታወቀ ነው። የአካባቢ ጤና ትምህርትም አለው። ተማሪ ደግሞ የመመረቂያ ርዕስ ይፈልጋል። በደብዳቤ ጠይቁ።

ለምን? ፋብሪካው ከተተከለ ከሦስት ዓመት በኋላ «ወንዙ ጠቆረ» ብላችሁ ብትከሱ የመጀመሪያው መልስ «ድሮም እንዲህ ነበር» ነው። አዌቱን ያየ ዳኛ ደግሞ ሊያምናቸው ይችላል። እኛው ራሳችን ስንቱን ነገር ደፍተንበታል! ጉጂ ላይ የለገደንቢን የወርቅ ማዕድን ጉዳይ አስታውሱ። ማዕድኑ ከሃያ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ ሕዝቡ በሰውና በከብት ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ ተነሣ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታገደ። ጉዳቱን ያመጣው ምንድን ነው የሚለው ክርክር ግን ከእገዳው በኋላም ቀጠለ፤ በ2013 ሥራው ተመለሰ። ከቁፋሮው በፊት የተለካ የውሃ ውጤት በሕዝቡ እጅ ቢኖር ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ቅድም አንድ አባት ከመድረኩ ሥር የጠየቁኝን ጮክ ብዬ ልመልስ። «ቀበሌ ደብዳቤያችንን አልቀበልም፣ ማኅተም አልመታም ቢለንስ ልጄ?» ነው ያሉኝ። አባቴ፣ ይህ ያጋጥማል። መጀመሪያ ነገር ቅሬታው የሚጻፈው ለቀበሌው አይደለም። ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ለቀበሌው ግልባጭ ይበቃዋል። መዝገብ ቤቱ ከተቀበለዎት የገቢ ቁጥርና ቀን በእርስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ። ካልተቀበለዎት አይጣሉ፤ ፖስታ ቤት ይሂዱና በሪኮማንዴ ይላኩት። ፖስታ ቤቱ ቀን ያለበት ደረሰኝ ይሰጥዎታል። ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ዋናውን ለእድሩ ጸሐፊ ይስጡ። ሠላሳውን ቀን የሚቆጥረው እሱ ይሁን።

እሺ፣ ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። እዚያ ነጠላ የለበሱት እናት እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል።